የመርከብ ሽርሽርና የደሴት ዕረፍት፦ በሰዓትና በነፋስ የሚወሰን ጉዞ

ክሩዝ እየተባለ ስለሚጠራው የመርከብ ሽርሽር ምክር የሚጠይቁኝ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የትኛው ድርጅት ይሻላል፣ በረንዳ ያለው ክፍል የሚጠየቅበትን ተጨማሪ ዋጋ ያወጣል ወይ፣ ምግቡስ እንዴት ነው ይሉኛል። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ነገር ግን እስካሁን ካየሁት ጉዞውን የሚያሳምሩትም ሆነ የሚያበላሹት ሌሎች ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሰዓትና ነፋስ። መርከቡ በየወደቡ ስንት ሰዓት ይቆማል፣ ከወደቡ እስከምናየው ቦታ ድረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል፣ ባሕሩ በምንሄድበት ወር በየትኛው በኩል ይናወጣል የሚሉት ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ከተጣሩ የቀረው ጣጣ በቀላሉ ይስተካከላል። ከዚህ በታች የምጽፈው በተለያየ ጊዜ ከባለቤቴና ከእናቴ ጋር ካደረግናቸው ጉዞዎች የተረዳሁትን ነው። ወራቱና ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ የቀኑ ሰዓት ግን እኛ በምንቆጥረው መንገድ ተጽፏል።

በመርሐ ግብሩ ላይ «ሮም» ተብሎ የሚጻፈው ወደብ ሮም ውስጥ አይደለም። መርከቡ የሚቆመው ከከተማዋ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው በቺቪታቬኪያ ነው። «ፍሎረንስ» የሚባለው ሊቮርኖ፣ «ፓሪስ» የሚባለው ለ አቭር፣ «በርሊን» የሚባለው ደግሞ በባልቲክ ባሕር ዳር ያለው ቫርነሙንደ ነው፤ ከዚህ የመጨረሻው እስከ በርሊን ለመሄድ ብቻ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ቬኒስም ብትሆን ከኦገስት 2021 ጀምሮ ከ25 ሺህ ቶን በላይ የሆኑ መርከቦች በመሐል ከተማዋ በጁዴካ ቦይ እንዳያልፉ ስለተከለከለ፣ በስሟ የሚሸጡ ብዙ ጉዞዎች የሚጀምሩት ከራቬና ወይም ከትሪየስቴ ነው። ስለዚህ መርሐ ግብር ሳነብ ከከተማው ስም ይልቅ የወደቡን ስም እፈልጋለሁ፤ ቀጥሎም መርከቡ ከሚቆምበት ጊዜ ላይ ለመውረድ አንድ ሰዓት፣ ቀድሞ ለመመለስ ሌላ አንድ ሰዓት እቀንሳለሁ፤ ከዚያ የደርሶ መልሱን መንገድ አወጣለሁ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ለምትቆም መርከብ ቺቪታቬኪያ ደኅና ነው፤ ከ2 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ብቻ ለምትቆም መርከብ ግን ሮም ማለት የአውቶቡስ መስኮት ነው ማለት ይቻላል። በአንጻሩ በማልታዋ ቫሌታ፣ በግሪኳ ሮድስና በፖርቶ ሪኮዋ ሳን ሁዋን መርከቡ የሚቆመው በአሮጌው ከተማ ግንብ ሥር ስለሆነ፣ እንደወረዱ በእግር መጎብኘት ይቻላል። በዕድሜ የገፋ ሰው ወይም ትንንሽ ልጆች ይዞ ለሚጓዝ ሰው፣ እንዲህ ያሉ ወደቦች የሚበዙበት ጉዞ ስማቸው ከገነነ ከተሞች ዝርዝር ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ሌላው ከመመዝገብ በፊት መታየት ያለበት፣ መርከቡ ከወደቡ ጋር ይጠጋል ወይስ ባሕር ላይ ቆሞ ሰውን በማመላለሻ ጀልባ ያወርዳል የሚለው ነው። ሳንቶሪኒና የግራንድ ኬይማን ዋና ከተማ ጆርጅ ታውን በጀልባ ከሚወረድባቸው ቦታዎች መካከል ናቸው። የጀልባ ወረፋ በየዙሩ ጊዜ ይበላል፤ ማዕበል ከተነሣ ደግሞ ካፒቴኑ ወደቡን ጨርሶ ሊተወው ይችላል፤ ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀም ሰው ባሕሩ ትንሽ እንኳ ከተናወጠ ወደ ጀልባዋ እንዲገባ ላይፈቀድለት ይችላል። በሳንቶሪኒ እናቴ በመርከቡ ጎን በተከፈተው በር ቆማ፣ ጀልባዋ ከፍ ዝቅ ስትል እያየች «ልጄ፣ ይህች ነገር አንድ ጊዜ ቀጥ ብላ አትቆምልንም?» ብላኝ ነበር። ሁለት መርከበኞች ክንዷን በግራና በቀኝ ይዘው፣ ጀልባዋ ከመርከቡ ወለል ጋር እኩል የምትሆንበትን ቅጽበት ጠብቀው «አሁን» ሲሉ አሻገሯት። የሚረዳው ዘዴ ይኸው ነው፤ እጅን ለመርከበኞቹ መስጠት፣ ቦርሳን በትከሻ ማንገት፣ እነሱ ሳይሉ አለመራመድ። በሳንቶሪኒ ከአሮጌው ወደብ እስከ ፊራ ከተማ ያለው ገደል ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ መውጫው በኬብል ካር፣ በአህያና በበቅሎ፣ ወይም 600 በሚጠጉ ደረጃዎች ነው። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ለመውጣት ቢሆንም አስቸጋሪው መውረዱ ነው፤ ምክንያቱም በዚያ ቀን የቆሙት መርከቦች መንገደኞች ከሰዓት በኋላ ወደዚያው ኬብል ካር አንድ ላይ ይጎርፋሉ። የመጨረሻው ጀልባ ከሚነሣበት ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ወረፋ መያዝ ያስፈልጋል።

ስለ ሰዓት ስናገር ከሁሉ በላይ ማስጠንቀቅ የምፈልገው በመርከቡ ሰዓትና በስልካችን ሰዓት መካከል ስላለው ልዩነት ነው። የሜክሲኮዋ ኮዙሜል ያለችበት ኪንታና ሮ ግዛት ከ2015 ጀምሮ ዓመቱን ሙሉ ሰዓቷን አትለውጥም። ብዙ መርከቦች የሚነሡባት ፍሎሪዳ ግን ከማርች እስከ ኖቬምበር ሰዓቷን በአንድ ወደ ፊት ታደርጋለች። መርከቡ በፍሎሪዳ ሰዓት ከቀጠለ፣ በእነዚያ ወራት የመርከቡ ሰዓት 10፡30 ሲል ኮዙሜል ገና 9፡30 ነው፤ ከአካባቢው ኔትወርክ ጋር የተገናኘ ስልክ ደግሞ ራሱን ወደ ኮዙሜል ሰዓት ይቀይራል። ከላይኛው ወለል ሆኜ ያየሁት አንድ ባልና ሚስት ከዚህ የተነሣ ነበር ሲሮጡ የታዩት። ሴትዮዋ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ሰውየው የገለባ ኮፍያ የተከመረበት ከረጢት ታቅፎ በረጅሙ የወደብ መድረክ ላይ ሲገሰግሱ፣ ከላይ የተደረደረው ሕዝብ ያጨበጭብ ነበር። መወጣጫው ከመነሣቱ በፊት ደረሱ። ካልደረሱ ግን መርከቡ በራሱ ለወጣ ሰው ብዙ አይጠብቅም፤ በቆመበት ለሚያሳልፈው ተጨማሪ ጊዜ ወደቡ ያስከፍለዋል፤ የሚቀጥለው ወደብም ተራ አለው። የቀረው መንገደኛ እስከሚቀጥለው ወደብ በራሱ ወጪ መጓዝ ግዴታው ነው።

ስለዚህ ከመውረዴ በፊት የመርከቡን ሰዓት በሚያሳይ ተራ የእጅ ሰዓት እታጠቃለሁ፤ ስልክ ብቻ ላለው ሰው ደግሞ ሰዓቱ ራሱን በራሱ እንዳይቀይር ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ ማጥፋት ይበቃል። መነሻ ሰዓት የሚባለውና ሁሉም ሰው ተመልሶ የሚገባበት ሰዓትም አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው ብዙውን ጊዜ ቢያንስ በግማሽ ሰዓት ይቀድማል። በየምሽቱ በሚወጣው የዕለት መርሐ ግብር ላይ የወደቡ ወኪል ስልክ ቁጥር ይጻፋል፤ ይህንን ገጽ ፎቶ አንሥቶ መያዝ ደቂቃ አይፈጅም፣ ችግር ሲመጣ ግን የመጀመሪያው ስልክ የሚደወለው ወደዚያ ነው። በራስ የተያዘ ጉብኝት ከመርከቡ ከሚገዛው ብዙውን ጊዜ ይረክሳል፣ ቡድኑም ያንሳል። ሆኖም ከመርከቡ የተገዛ ጉብኝት ቢዘገይ ድርጅቱ ወይ ይጠብቃል ወይ መንገደኛውን እስከሚቀጥለው ወደብ የማድረስ ኃላፊነት ይወስዳል። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ መንገዱ ከአንድ ሰዓት ከበለጠ ወይም ወደ ሌላ ደሴት በጀልባ መሻገር ካለበት ከመርከቡ እገዛለሁ፤ ቅርብ ከሆነ ራሴ አዘጋጃለሁ።

የጉዞ ሰነድ ጉዳይ በተለይ ቪዛ ለሚጠየቅ ፓስፖርት ባለቤት ከዋጋም ይቀድማል። አንድ የሜዲትራኒያን ጉዞ ከአቴንስ ወደብ ከፒሬየስ ተነሥቶ የቱርክን ኩሻዳሲ ጎብኝቶ ወደ ግሪክ ደሴት ቢመለስ፣ መንገደኛው በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ማለትም ከሼንገን ክልል ወጥቶ እንደገና ገባ ማለት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ በዚህ ጊዜ ያልቅበታል። የሞንቴኔግሮዋ ኮቶርም እንዲሁ ከሼንገን ውጪ ናት፤ ክሮኤሺያ ግን ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ውስጥ ነች። ከአሜሪካ ተነሥቶ ወደ ካሪቢያን ሄዶ ለሚመለስም አመክንዮው ያው ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ ያስፈልጋል። ከመርከቡ ሳልወርድ እቆያለሁ ማለት አያድንም፤ ድርጅቱ በጉዞው ላይ ያሉትን አገሮች ሁሉ ሰነድ ገና ሲያሳፍር ሊጠይቅ ይችላል፤ ያልተሟላለትን ሰው ካስቀረው ገንዘቡን አይመልስም። ፓስፖርቱ ከጉዞው ማብቂያ በኋላ ስድስት ወር የሚቆይ መሆን ይኖርበታል። ቢጫ ወባ ካለበት አገር የሚነሣ መንገደኛ ደግሞ የክትባት ካርዱን ይያዝ፤ በርካታ ደሴቶች ይጠይቁታል። ክትባቱ ለጉዞ የሚያገለግለው ከተወጋ ከ10 ቀን በኋላ ሲሆን፣ ከ2016 ወዲህ ለዕድሜ ልክ ይሠራል።

መርከቡ በሚነሣበት ቀን ወደ ወደቡ ከተማ በአውሮፕላን መድረስ አይመከርም። በረራ ሲዘገይ መርከብ አይዘገይም፤ አንድ ሌሊት ቀድሞ አድሮ መነሣት የሚያስወጣው ወጪ ከሚያድነው ጋር አይወዳደርም።

ክፍልን በተመለከተ የወለሉ ከፍታና መስኮቱ ላይ ብዙ ይወራል፤ እኔ ግን መጀመሪያ የማየው የመርከቡን ካርታ ነው። ከላይና ከታች ሌሎች ክፍሎች ያሉት ክፍል ጸጥታ አለው። ከመዋኛ ገንዳው ወለል ሥር ያለ ክፍል ውስጥ ገና ሳይነጋ የወንበር መጎተት ይሰማል፤ ከቲያትር ቤቱ በላይ ያለው እስከ እኩለ ሌሊት በሙዚቃ ይንቀጠቀጣል፤ ከፊት ጫፍ ያለው ደግሞ መልሕቅ ሲጣል ያነቃል። የባሕር ጉዞ የሚያጥወለውለው ሰው ከመርከቡ መሐል፣ ዝቅ ባለ ወለል ላይ ክፍል ይምረጥ፤ ከፊት፣ ከኋላና ከላይ የሚሰማው መወዛወዝ ከመሐሉ በጣም ይበልጣልና። ዘመናዊ መርከቦች መንገዳገዱን የሚቀንሱ ክንፍ መሰል ማረጋጊያዎች ከጎናቸው ቢኖሯቸውም፣ ማረጋጊያው የሚረዳው ወደ ጎንና ጎን ለሚደረገው መንገዳገድ እንጂ ፊትና ኋላው ከፍ ዝቅ ለሚለው አይደለም። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ማቅለሽለሹ እስኪጀምር ባይጠብቅ ይሻላል። ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈው ስኮፖላሚን ቢያንስ አራት ሰዓት ቀድሞ ተለጥፎ ለሦስት ቀን ያህል ይሠራል፤ ነገር ግን እንደ ግላኮማ ያለ የዓይን ሕመም ላለበት ስለማይሆን በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚወሰድ ነው። ለባለቤቴ የሠራለት ሜክሊዚን ሲሆን፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ስለሚለው ማታ ማታ ነበር የሚወስደው። ሕመሙ ከጀመረ ክፍል ውስጥ ተኝቶ ስልክ ማየት ያባብሰዋል፤ ወደ ውጪ ወጥቶ አድማሱን መመልከት ያሻላል።

የሚሳፈሩበት ቀን ትልቁ ሻንጣ ለሠራተኞች ስለሚሰጥ እስከ ማታ ላይደርስ ይችላል። መድኃኒት፣ ፓስፖርት፣ የስልክ ቻርጀር፣ የዋና ልብስና የልጆች ቅያሪ በእጅ ቦርሳ መሆን አለባቸው። የልብስ ካውያ፣ ሻማና ብዙ ሶኬት ያለው የኤሌክትሪክ ማራዘሚያ በእሳት ፍራቻ በአብዛኞቹ መርከቦች ይወረሳሉ። የክፍሉ ግድግዳ ብረት ስለሆነ ጥቂት ማግኔት መስቀያዎች ይዞ መሄድ የጠበበውን ክፍል ያሰፋዋል፤ እርጥብ የዋና ልብስና ኮፍያ በየወንበሩ ከሚዝረከረክ በግድግዳው ላይ ይሰቀላል። በመጨረሻው ሌሊት ሻንጣው እንደገና ተሰብስቦ ይወሰዳልና ለነገ የሚለበሰውንና የሚጫማውን አስቀድሞ ማውጣት እንዳይረሳ፤ በነጠላ ጫማና በሌሊት ልብስ ጉምሩክ ፊት የሚቆም ሰው በየጉዞው አይጠፋም።

የድንገተኛ አደጋ ልምምዱን እንደ ሥርዓት ማሟያ የሚቆጥረው ሰው ብዙ ነው። ኮስታ ኮንኮርዲያ በጃንዋሪ 13 ቀን 2012 በጣሊያን ጂልዮ ደሴት አጠገብ ከዓለት ጋር ተጋጭታ 32 ሰዎች ሲሞቱ፣ በዚያው ምሽት ከቺቪታቬኪያ የተሳፈሩት መንገደኞች ልምምዱን ገና አላደረጉም ነበር፤ በወቅቱ ሕጉ እስከ 24 ሰዓት ድረስ ማዘግየትን ይፈቅድ ነበርና። ከ2015 ጀምሮ ልምምዱ መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ወይም እንደተነሣ ወዲያውኑ እንዲደረግ በዓለም አቀፉ የባሕር ደኅንነት ስምምነት ተደንግጓል። አሁን በብዙ መርከቦች ቪዲዮውን በስልክ አይቶ የመሰብሰቢያውን ቦታ አንድ ጊዜ ሄዶ ማሳየት ብቻ በቂ ሆኗል። እኔ ከዚያ በተጨማሪ ከክፍላችን እስከ መሰብሰቢያው ድረስ በደረጃ፣ ያለ አሳንሰር አንድ ጊዜ ከቤተሰቤ ጋር እሄዳለሁ፤ ሰባት አጫጭርና አንድ ረጅም የጡሩምባ ድምፅ ሲሰማ ወዴት እንደሚታጠፍ እግር ማወቅ አለበት።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልጽፍም። «ሁሉን ያካተተ» የሚባለው ዋጋ ብዙውን ጊዜ የሠራተኞችን የአገልግሎት ክፍያ፣ ኢንተርኔትን፣ ለስላሳና የአልኮል መጠጥን፣ ልዩ ምግብ ቤቶችንና ጉብኝትን አያካትትም። የአገልግሎት ክፍያው ለአሜሪካ ገበያ በሚሠሩት ትልልቅ መርከቦች በሰው በቀን ከ15 እስከ 20 ዶላር አካባቢ ሲሆን ልጆችም ይቆጠራሉ፤ አራት ሰው ላለው ቤተሰብ በሳምንት ከ400 ዶላር በላይ ነው። የመጠጥ ጥቅል አንድ ሰው ሲገዛ በዚያው ክፍል ያሉ አዋቂዎች ሁሉ እንዲገዙ የሚያስገድዱ ድርጅቶች አሉ፤ አንዱ የማይጠጣ ከሆነ ሒሳቡ አይወጣም። ለመርከቡ ሒሳብ ዴቢት ካርድ የሚያስመዘግብ ሰው ያላወጣው ገንዘብ ጭምር ለቀናት ሊያዝበት ስለሚችል፣ ክሬዲት ካርድ ወይም ጥሬ ገንዘብ ይመረጣል። ስልክ ደግሞ መርከቡ ከወደብ እንደለቀቀ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይደረግ፤ ካልሆነ በሳተላይት ከሚሠራው የመርከቡ የሞባይል ኔትወርክ ጋር ራሱ ተገናኝቶ፣ ማንም ሳይነካው የሚያስደነግጥ ሒሳብ ሊያመጣ ይችላል።

ጤናን በሚመለከት፣ ማስመለስና ተቅማጥ የሚያመጣውንና በመርከብ ላይ በፍጥነት የሚዛመተውን ኖሮቫይረስ የአልኮል ጄል በደንብ አይገድለውም፤ እጅን በሳሙናና በውሃ መታጠብ ነው መድኃኒቱ። የመርከቡ ክሊኒክ ያክማል፣ ግን ያስከፍላል፤ አብዛኛው የአገር ቤት የጤና መድን ደግሞ ባሕር ላይ አይሠራም። ስለዚህ የጉዞ ኢንሹራንስ ሲገዛ መታየት ያለበት በሄሊኮፕተር ወይም በአምቡላንስ አውሮፕላን ወደ ሆስፒታል የመውሰድ ወጪን መሸፈኑ ነው። 24ኛ ሳምንቷን የጀመረች ወይም ጉዞው ሳያልቅ የምትጀምር ነፍሰ ጡር፣ ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃንም በአብዛኞቹ ድርጅቶች አይሳፈሩም።

ደሴት ላይ ሄዶ መቀመጥ ከመርከብ ሽርሽር የሚለየው፣ ነፋሱ ካልተስማማን መርከቡ ይዞን አለመነሣቱ ነው። እንደ ካሪቢያን ባሉ የንግድ ነፋስ የሚባለው፣ በአብዛኛው ከምሥራቅ በኩል የሚመጣ ነፋስ በሚነፍስባቸው ደሴቶች ምሥራቃዊው ዳርቻ ማዕበሉን ፊት ለፊት ይቀበላል፤ ምዕራባዊው ይጠለላል። ባርቤዶስ ውስጥ በምሥራቅ በኩል ባለችው ባትሼባ የአትላንቲክ ማዕበል ዓለቱን ሲደበድብ፣ በመኪና አንድ ሰዓት በማይሞላ ርቀት በምዕራቡ ዳርቻ ልጆች ጉልበታቸው ድረስ በረጋ ውሃ ይጫወታሉ። ሆቴል ሲመረጥ በካርታው ላይ አቅጣጫውን ማየት ከፎቶው ይልቅ ይናገራል። ከ2011 ወዲህ ካሪቢያንን የሚያስቸግረው ሳርጋሰም የተባለው ቡናማ የባሕር አረምም የሚከመረው በተለይ በፀደይና በበጋ፣ ወደ ምሥራቅ በሚያዩ ዳርቻዎች ላይ ነው፤ ሲበሰብስ ሽታው እንደ ተበላሸ እንቁላል ነው። የአትላንቲክ የሀሪኬን (የብርቱ አውሎ ነፋስ) ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ሲሆን፣ የሚበረታው ከኦገስት አጋማሽ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ነው። በዚህ ጊዜ ዋጋ የሚወርደው በምክንያት ነው። ወቅቱን መቀየር የማይችል ሰው ከተለመደው የአውሎ ነፋስ መንገድ በስተደቡብ ያሉትን አሩባን፣ ቦኔርንና ኩራሳውን ቢያስብ ይሻላል። በመርከብ የሚሄድ ደግሞ ካፒቴኑ ወደቦችን ሊለዋውጥ እንደሚችልና ከወደብ ክፍያው ተመላሽ በቀር ካሣ እንደማይጠበቅ ይወቅ።

በዛንዚባር ሰዓትን የሚቆጣጠረው የባሕሩ መሙላትና መሸሽ ነው። በምሥራቅ ዳርቻ ባሉት በፓጄ፣ በጃምቢያኒና በማቴምዌ ጠዋት ከሆቴሉ በር ሥር የነበረው ባሕር ስድስት ሰዓት ያህል ቆይቶ እስከ ኮራሉ ግንብ (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት እስከሠሩት ዓለት) ድረስ ይሸሻል፤ ነጭ አሸዋው ላይ ቁርጭምጭሚት የማይሞላ ውሃ ብቻ ይቀራል። ያን ጊዜ ለመዋኘት ለመጣ ሰው ባዶ ሜዳ ነው። ለማየት ለመጣ ግን የተለየ ሥራ አለበት፤ ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ በትንንሽ ካስማዎች መካከል በተዘረጋ ገመድ ላይ የሚያበቅሉትን የባሕር ሣር አንድ በአንድ እየፈቱ በጆንያ ይሞላሉ፤ ውሃው ተመልሶ ወገባቸው ሳይደርስ መጨረስ ስላለባቸው እጃቸው አያርፍም። በመካከላቸው ሲያልፉ ገመዱን አለመርገጥ፣ ሳያስፈቅዱም ፎቶ አለማንሣት ተገቢ ነው። የጎማ ጫማም የግድ ነው፤ በኮራሉ ስንጥቅ ውስጥ ጥቁር እሾሃማ የባሕር ጃርቶች አሉ። ሙሉ ጨረቃና አዲስ ጨረቃ በምትሆንበት ሰሞን ልዩነቱ እጅግ ይሰፋል፤ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ መዋኘት የሚፈልግ ውሃው ብዙም ወደማይሸሽባቸው በሰሜን ወዳሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ይሂድ፤ ምሥራቁን የሚመርጥ ደግሞ ከመነሣቱ በፊት በዚያ ሳምንት ባሕሩ የሚሞላበትን ሰዓት የሚያሳይ ሰንጠረዥ ይፈልግ። የውጭ አገር ጎብኚ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ 44 ዶላር የሆነውን የዛንዚባርን የራሷን የጉዞ ኢንሹራንስ መግዛት ይጠበቅበታል፤ ሌላ ኢንሹራንስ መኖሩ ይህንን አያስቀረውም።

ማልዲቭስ ለሚሄድ ዋናው ስሌት የማረፊያ ሰዓት ነው። በውሃ ላይ የሚያርፉት ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚበሩት በቀን ብርሃን ብቻ ነው፤ ዘግይቶ የሚያርፍ መንገደኛ ለማይተኛበት የደሴት ክፍል ከፍሎ በዋና ከተማዋ በማሌ አካባቢ ሌላ ሆቴል ያድራል። የሻንጣ ልካቸውም ብዙውን ጊዜ 20 ኪሎና የእጅ 5 ኪሎ ነው። ሕዝቡ በሚኖርባቸው ደሴቶች ባሉ የእንግዳ ማረፊያዎች ማደር ከሪዞርት በጣም ይረክሳል፤ እዚያ ግን አልኮል የለም፣ በቢኪኒ መዋኘት የሚፈቀደውም በተከለለ ዳርቻ ብቻ ነው፣ የሕዝብ ጀልባዎችም ዓርብ በአብዛኛው አይሠሩም። ሲሼልስ ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ከደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ስለሚመጣ፣ በዋናው ደሴት በማሄ ሰሜን ምዕራብ ያለው ቦ ቫሎን የተባለው ዳርቻ ያኔ ጸጥ ይላል፤ በዲሴምበርና በጃንዋሪ ነገሩ ይገለበጣል። በግሪክ ደሴቶች ደግሞ በጁላይና በኦገስት ሜልተሚ የሚባለው የሰሜን ነፋስ ሲበረታ የወደብ ባለሥልጣናት የማመላለሻ መርከቦችን ያግዳሉ፤ ፈጣኖቹና ቀላሎቹ ቀድመው ይቆማሉ። የመልስ በረራው ከአቴንስ የሆነ ሰው የመጨረሻውን ሌሊት በዋናው ምድር ላይ ይደር፤ ዋናተኛው ደግሞ በእነዚያ ቀናት ወደ ደቡብ የሚያዩ ዳርቻዎችን ይምረጥ።

ጥቂት የአገር ሕጎች ሳይታሰቡ ሰውን ያስቸግራሉ። በባርቤዶስና በሌሎች በርካታ የካሪቢያን ደሴቶች ወታደራዊ ዥንጉርጉር ልብስ ለሲቪል ክልክል ነው፤ የሕፃን ልጅ ቁምጣም ቢሆን። ፓላው ከ2020፣ ሃዋይ ከ2021 ጀምሮ ኮራልን የሚጎዱት ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት ያሉባቸው የፀሐይ መከላከያ ቅባቶች እንዳይሸጡ ከልክለዋል፤ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበትን መግዛት በሁሉም ቦታ ያስኬዳል። ከቅባቱም በላይ ረጅም እጅጌ ያለው የዋና ሹራብ ይጠቅማል፤ በውሃ ላይ ፊቱን ደፍቶ ዓሣ የሚያይ ሰው ጀርባው የሚቃጠልበት ሳይታወቀው ነውና። ወደ ጥልቁ የሚጎትት ጅረት የያዘው ዋናተኛ ከጅረቱ ጋር ከመታገል ይልቅ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝቶ ከጅረቱ መውጣት፣ ከዚያ ወደ ምድር መመለስ አለበት።

ኦክሲጅን ተሸክሞ ወደ ጥልቅ እጠልቃለሁ የሚል ሰው፣ ምንም እንኳ ጋኑ ውስጥ ያለው በተለምዶ ኦክሲጅን ሳይሆን የታመቀ አየር ቢሆንም፣ የመጥለቁን ቀን ከበረራው ቀን አንጻር ያስላ። በግፊት ወደ ደም የገባው ናይትሮጅን ሳይወጣ ከፍታ ላይ ከተወጣ አረፋ ይሆናል፤ ለዚህም አንድ ጊዜ ከጠለቁ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በተከታታይ ቀናት ከጠለቁ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይበሩ መቆየት ይመከራል፤ ብዙ አስጠላቂዎች 24 ሰዓት ይጠይቃሉ። በማልዲቭስ በውሃ ላይ የሚያርፉት አውሮፕላኖችም በረራ ናቸውና ይቆጠራሉ። እኛ መጥለቁን ሁልጊዜ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት አድርገን፣ የመጨረሻውን ቀን ለገበያ፣ ለእግር ጉዞና እርጥብ ዕቃ ለማድረቅ እንተወዋለን።